የሦስት ቀን በቅሎ

አጎቴ በእግራቸው ሲሄዱ ያየኋቸው ከበቅሏቸው ወርደው ቤተ ክርስቲያን እስኪገቡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቅሏቸው ላይ እስኪወጡ ድረስ ብቻ ነው። ሰቆጣ ላይ ከቤታችን እስከ ገበያው ያለችው መንገድ አንድ ዘፈን አታስጨርስም፤ እሳቸው ግን በቅሎ ካልተጫነላቸው ከደጅ አይወጡም። ጥቂት ሰው ከፊት፣ ጥቂት ሰው ከኋላ ይሄዳል። ከሁሉም ቀድሞ ጠመንጃ ያዣቸው፣ እንደሳቸው ያረጀ ቀጭን ሰው፣ ተኩሶ የማያውቅ አሮጌ ጠመንጃ ተሸክሞ ይመራል። አጎቴ በአንድ ወቅት ጭቃ ሹም ነበሩ። ሹመቱ ከሄደ ቆይቷል፤ አጀቡ ግን አልሄደም። እኔ ወጣት ነበርሁና ይህ ነገር አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያናድደኛል። ስኳር ለመግዛት አገር ያስነሣሉ እል ነበር በሆዴ።

ቢሆንም እወዳቸው ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሳላውቀው ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ይቆጣሉ፣ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ በአማርኛ ያዝዛሉ። ስለዚህ ገና አንዲት ቃል ከአፋቸው እንደወጣች ምን እንደመጣብኝ አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ። እሳቸው በሚወርዱበት ቦታ ሁሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በገበያው ዳር ካለችው ወይራ ሥር፣ በፍርድ ቤቱ ደጅ። በቅሎዋ ራሷ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ እሳቸው እግራቸውን አሳርፈውበት ይወርዳሉ። የትልቅ ሰው ደንብ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ ከመፈንዳቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እኔ የመንግሥት ሾፌር ነበርሁ፤ ወደ ተከዜ በሚወርደው በአበርገሌ ቆላ ለክሊኒኮች መድኃኒት አመላልስ ነበር። አጎቴ ደግሞ እኔ ቆላ ለቆላ ስዞር ሚስት አጩልኝ። ልጅቱን አይቻት አላውቅም። ቤተሰቦቿ በኮረም መንገድ ደጋው ላይ ያሉ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ለሷ ሌላ ጠያቂ እንዳለም ተነግሮናል። አባቷ ቃል ሲሰጡ፣ «ልጄን እጅ በእጅ የማስረክበው ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ ካልመጡ ሰርገኛው ባይመጣ ይሻላል» አሏቸው ለአጎቴ። ሠርጉ ለቅበላ እሑድ ተቆረጠ። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ያቺ እሑድ ካመለጠች እስከ ፋሲካ ማዶ ሠርግ የሚባል ነገር የለም።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው በቅሎዋ ሞተች።

አጎቴ አላለቀሱም፤ ግን ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። የአገሩ ሰው በቅሎውን ላውስ እያለ ደጅ ጠና። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ሁሉንም መለሱ። አዲስ እንዳይገዛ፣ ሰጋር በቅሎ እንደ ዶሮ ገበያ ወጥተው የሚያነሱት አይደለም። እኔ ገብቼ፣ «አባባ፣ መንገዱ እኮ ቅርብ ነው፤ ማልደን ብንነሣ በእግራችን ረፋዱ ላይ እንደርሳለን» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ሙሽራ ሊያመጣ በእግሩ የሄደ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆሽቴ አርሮ ወጣሁ። ለአንዲት በቅሎ ብለው ሚስቴን ሊያሳጡኝ ነው ብዬ ለሚዜዎቼ አማረርሁ።

ጠመንጃ ያዡ ነው ከኋላዬ መጥቶ ነጠላዬን የጎተተኝ።

«ያ የምትነዳው ነገር፣ ሰው ተቀምጦ ይሄድበት የለም?» አለኝ።

«የመንግሥት መኪና ለሠርግ አይወጣም።»

«የመንግሥት ያልሆነስ?»

ኮረም ውስጥ የማውቀው አንድ ነጋዴ ነበር። በርበሬና ቆዳ የሚጭንባት ትልቅ ፒክአፕ አለችው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለሚያምነው ሰው ያከራያታል። በእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድሁ። ኪራዩን ተስማማንና አርብ ዕለት ወስጄ ሰኞ በማለዳ ልመልስ ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያ እንደ ልጅ ሞግዚት ምክሩን ጀመረ። «ፍሬኗን እመነው። ጥሩምባዋን አታብዛ። አንደኛ ማርሽ ላይ ግን ብዙ አታቆያት፤ ትፈላብሃለች። እሷ መሄድ ነው የምትወደው።»

እውነትም መሄድ ትወድ ነበር! እኔ የለመድሁት አንገት አስደፍቶ የሚያስቀምጥ ጠባብ መኪና ነው። ይህቺ ሰማያዊ ቀለሟ በፀሐይ የገረጣ፣ መሪዋ ሰፌድ የሚያህል፣ ጋቢናዋ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ቦታ የሚተርፈው፣ ኋላዋ ሙሉ ሰንጋ የሚያስተኛ ነበረች። መስኮቷን ስከፍተው የበርበሬው ብናኝ ተነሥቶ አስነጠሰኝ። ከኮረም ወጥቼ ደጋውን ስይዝ፣ የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ ተጭዶ፣ አቧራው ከኋላዬ ተነሥቶ፣ ለብቻዬ እየዘፈንሁ ነዳሁ። በሕይወቴ ብዙ መኪና ነድቻለሁ፤ እንደዚያች የወደድሁት የለም።

ሰቆጣ ስገባ አጎቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ጠበቁኝ። መኪናዋን ከኮፈኗ እስከ ጭራዋ በዓይናቸው ለኳት።

«የማን ናት?»

«የኮረም ነጋዴ። ለሦስት ቀን ነው።»

«የሰው በቅሎ አልዋስም ያልሁህን ረሳኸው?»

«ተውሼ አይደለም፣ ተከራይቼ ነው። የተከራየ ሰው ጊዜው እስኪያልቅ ባለቤት ነው።»

ይህ ድሮ በአንድ የመሬት ሙግት የረቱበት የራሳቸው ክርክር ነበር። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ፤ ቶሎ ዋጡት። «አባትሽ ማነው ብትላት ፈረስ አጎቴ ነው ትል እንደሁ ጠይቃት» አሉና የሟቿን በቅሎ ኮርቻ ማልበሻ ቀይ መርገፍ ከቤት አስወጡ። ኮፈኑ ላይ አስነጠፉት፤ ዘርፉ እስከ መብራቶቿ ወረደ። ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ሲለኝ ጣታቸውን አነሡ። «ነገር ግን እኔ ከሰዎቼ አልቀድምም። ሰዎቼ ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ እከተላለሁ፤ እንደ ወትሮው ነው። ሰው ጥሎ የሚሮጥ ሌባ ነው።»

«አባባ፣ መኪና እኮ ነው! ሁሉም ከኋላ ይጫኑና...»

«እኔ ከታች ተቀምጬ አሽከሮቼ ከራሴ በላይ ሊቆሙ?»

እሺ ብዬ መኪናዋን መወልወል ጀመርሁ።

እሑድ ማለዳ ተነሣን። ሙሽራ ንጉሥ ነው ይባላል፤ ዘውዱን ደፍቶ ይቀመጣል እንጂ እጁን ለሥራ አይዘረጋም። ካገሩ ግን ሌላ ሾፌር አልነበረምና እኔ ካባዬን ለብሼ የራሴን ሠርግ ለመንዳት መሪ ያዝሁ። አጎቴ ባለጥቁር ካባ ሆነው ከጎኔ ተሰየሙ። ሊወጡ ሲሉ ጠመንጃ ያዡ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመርገጫው ሥር አስቀምጦ ነበር። ሲወጡ ድንጋዩን አነሣና ኋላ ላይ ጫነው።

«ይህን ደግሞ ለምንህ ነው?» አልሁት።

«ለጎማ ማስደገፊያ» አለኝ፣ እንደ አሮጌ ሾፌር።

ከዚያ ሄድን ልበል? ሰዎቹ ከፊት በእግር እየዘፈኑ፣ ጠመንጃ ያዡ ከሁሉ ቀድሞ፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላቸው። አንድ ጊዜ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ አንድ ጊዜ እለቃለሁ፤ ግራ እግሬ ደነዘዘ። ከፊቴ ያለው ሰው ጫማውን ለማራገፍ ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ይባስ ብሎ ሰዎቹ ከተራ ሰው አካሄድ እንኳ በዘገየ እርምጃ ነበር የሚሄዱት፤ እየተንቀራፈፉ፣ እየተጠባበቁ። አህያ የምትነዳ ሴትዮ እንኳ ሰላም ብላን ቀደመችን።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አጎቴ ደስ ብሏቸው።

«እንቁላል ራዲያተር የለውም፣ አባባ።»

ብዙም ሳንርቅ ፈላች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ሲወጣ መርገፉን አነሣን፤ ሰዎቹ ወደ ምንጭ ወርደው በቅል ውኃ አመጡ፤ እስክትበርድ ጠብቀን ሞላናትና ተነሣን። ደግሞ ፈላች። ደግሞ ውኃ። ረፋዱ አለፈ፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ከአናት ዘንበል አለች። በሙሽራዋ አገር ደንብ ፀሐይ ከጠለቀች ሙሽራ ከአባቷ ቤት አትወጣም። ዛሬ ካልወጣች ነገ ጾም ነው፤ ጾሙ እስኪፈታ ደግሞ ያ ሌላው ጠያቂ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እኔ ላቡ በካባዬ ሥር ይወርዳል፤ አጎቴ መስኮቱን ከፍተው ያለፈ ያገደመውን ይመርቃሉ።

ከመንደሩ ሥር ያለው ዳገት ላይ ጭራሽ ቆመች። የኋላ ጎማዎቿ በሚንሸራተተው ጠጠር ላይ ተሽከረከሩ፣ እንፋሎቱ ተነሣ፣ ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬን ስቤ ወረድሁ። የሙሽራዋ ቤት ከላይ ይታያል፤ ዳሱ፣ ጭሱ፣ የሚወጣ የሚገባው ሰው ሁሉ። ከበሮው ይሰማል። ትዕግሥቴ ያኔ አለቀ።

የአጎቴን በር በርግጄ፣ «ይውረዱ፣ አባባ!» አልሁ። «ያውና ቤቱ! አንድ ጊዜ በእግርዎ ቢሄዱ ምን ይሆናሉ? ክብርዎ ከዚህ ዳገት ላይ አይወድቅ! ሚስቴን ሊያስቀሩብኝ ነው?»

አልተቆጡም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መሬቱ ተመለከቱ። ከመርገጫው እስከ መሬት ያለውን ከፍታ ሲያዩት ገደል የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

ጠመንጃ ያዡ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ አታስወርዳቸው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ቆይቷል።»

«ማን አለ? እሳቸው ነገሩህ?»

«እሳቸው? ሞተው ነው! ማንም አያውቅብኝም ብለው ነው የሚኖሩት። እኛ ነን ያወቅነው።» ወደ ሰዎቹ ጠቆመኝ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወዲያ አዙረው ዳገቱን የሚያደንቁ መስለው ቆመዋል። «አንድ ቀን ከበቅሎ ሲወርዱ ሊወድቁ ነበር። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ድንጋይ አስቀመጥን። ከዚያ ገበያው ላይ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ደጅ። ስንሄድም ዝግ እንላለን፤ በቅሎዋ ስትፈጥን ጉልበታቸውን ይነቀንቃቸዋል። ዛሬም ያው ነው፤ ይህቺም ብትሆን ትነቀንቃለች።»

ኋላ ላይ የተጫነውን ድንጋይ አየሁት። ለካ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ መንቀራፈፍ፣ አገር ያስነሣል ያልሁት አጀብ፣ ሹመት የሌለውን ሰውዬ ለመሸከም ነበር። እሳቸው ሕመማቸውን ከሰው ሸሽገው፣ ሰዎቹ ማወቃቸውን ከሳቸው ሸሽገው፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያደግሁት እኔ ብቻ ሳላይ ከመሃል ቆሜ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የእንፋሎቱ ነው ብዬ በካባዬ ጠረግሁት።

ውኃ ሞላንላት። ከዚያ ወደ አጎቴ መስኮት ሄድሁና ጎንበስ ብዬ፣ «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልነግርዎ ቀርቼ ነው። ይህች መኪና ኋላዋ ባዶ ሲሆን ጎማዋ መሬት አይቆነጥጥም። ሸክም ካልተጫነባት ዳገት አትወጣም» አልኋቸው። ይህ ደግሞ የሾፌር እውነት ነው፤ ውሸት አልነበረም።

ዞር ብለው ባዶውን ኋላዋን አዩ።

«ሸክም?»

«ሸክም። ድንጋይ እንዳንጭን ጊዜ የለንም።»

«እንግዲያ ሰዎቹ ይጫኑ» አሉ በትልቅ ድምፅ። «እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሸክም።»

ሸክሞቹ እልል እያሉ ወጡ። ፀሐይ ገና በምዕራቡ ተራራ ላይ ሁለት ሦስት ክንድ ሲቀራት፣ ቀዩ መርገፍ ኮፈኑ ላይ እየተርገበገበ፣ ኋላው ላይ ዘፈኑ እየፈነዳ፣ አቧራ አስነሥተን ከዳሱ ደጅ ደረስን። እኔ ሳልወርድ ጠመንጃ ያዡ ድንጋዩን አስቀምጦ ጨርሷል። አጎቴ ካባቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን አሳርፈው፣ እንደ ወትሮው ወረዱ። የልጅቱ አባት መርገፉን አይተው፣ «በቅሎዎ ከብዳለች!» አሏቸው፤ ተሳሳቁ፤ ተሳሳሙ። ከዚያ መብላት፣ መጠጣት፣ መመረቅ ሆነ፤ ሁሉም ነገር በጥድፊያ።

ስንመለስ የጋቢናው ነገር አነጋገረ። ሙሽራ ሙሽሪትን በመንገድ ላይ አያይም፣ አያናግርም፤ ግን ሙሽራው ሾፌር ነው፤ ሙሽሪትን ደግሞ ከሸክሞቹ ጋር ኋላ ላይ ማቆም ነውር ነው። አጎቴ ፈረዱ። «እኔ ከመሃል ግድግዳ እሆናለሁ» አሉ። ሙሽሪት ከራስ እስከ ጥፍሯ ተሸፋፍና በበሩ በኩል ተቀመጠች፤ አጎቴ መሃል፤ እኔ በመሪው። ጥቂት እንደሄድን ከሽፋኑ ሥር አስነጠሳት፤ በርበሬው ነው።

«ይማርሽ» አልሁ ሳላስበው።

«መንገድህን እይ» አሉኝ አጎቴ።

አሁን የሚያስቆመን አልነበረም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ ማርሽ፤ መኪናዋ ነጋዴው እንዳላት ሆነች። እኔ ግን ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ፍጥነት እቀንስ ነበር። ቢሆንም መንገዱ መንገድ ነው፤ ስትነጥር የአጎቴ ሁለት እጅ ጉልበታቸውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ወሬያቸው ይቋረጥና ደግሞ ይቀጥላል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ። ያች የተሸፋፈነች ልጅ ግን ጎናቸው ናትና ምን እንደተሰማት አላውቅም ነበር።

ሰቆጣ ስንገባ ብርሃኑ ሊያልቅ ነው። ግቢያችን ሞልቷል፤ ችቦ ተለኩሷል። መኪናዋን አቁሜ ወርጄ ወዲያ በኩል ዞርሁ። ጠመንጃ ያዡ ኋላው ላይ ቆሞ ባዶውን ወለል ያያል። ጠላው፣ ጥድፊያው፣ ዘፈኑ አስረስቷቸው፣ ድንጋዩን የሙሽሪት አባት ደጅ ላይ ትተውት መጥተዋል።

በሩ ተከፈተ። ሚዜዎቼ ሙሽሪትን ሊያዝሏት ጀርባቸውን አዞሩ። በኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏን ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይነካም። አጎቴ ከመሃል ሆነው መሬቱን አዩ፤ ድንጋይ የለም። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። «ቆይ፣ ልጆቹ ዘፈናቸውን ይጨርሱ» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ሙሽሪት ሚዜው ጀርባ ላይ አልወጣችም። የሽፋኗን ጫፍ ሰብስባ በራሷ እግር መሬት ወረደች። ሴቶቹ እልልታቸውን አቋርጠው አፋቸውን ያዙ። እሷ ወደ መኪናዋ ዞረችና ትከሻዋን ከአጎቴ እጅ ሥር አስጠግታ፣ ከዳር ያለ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «አባባ፣ ከፍታ ያስፈራኛል፤ አሁንም ያዞረኛል። እንዳልወድቅ ይያዙኝ» አለቻቸው።

አጎቴ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉ፤ ቀስ ብለው ወረዱ። ሲቆሙ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ምን ታያላችሁ? ልጄ መኪና አልለመደችም!» ብለው ተቆጡ። እልልታው እንደገና ተነሣ። እሷን እንደያዙ፣ ወይም ተይዘው፣ በመካከላችን አልፈው ገቡ።

ሰኞ በማለዳ መኪናዋን ኮረም መልሼ ቁልፉን አስረከብሁ። «እንዴት ሆነችልህ?» አለኝ ነጋዴው። «መሄድ ትወዳለች» አልሁት፤ ሌላውን አልነገርሁትም።

እንግዲህ ከባለቤቴ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ውሸት ነው። የአባቷ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ልጅ ሳለች ማር ለመቁረጥ ከወንድሞቿ ጋር በገመድ ትወርድ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኔም አብሬያት በኖርሁበት ዘመን ከፍታ ስትፈራ አላየኋትም። አጎቴ ኋላ በገዟት በቅሎ አዲሱ ቤታችን በመጡ ቁጥር ብቻ፣ የበቅሎ ኮቴ ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ወደ በሩ ትወጣለች።

«አባባ፣ ይህች ደረጃ ታስፈራኛለች።»

«ነይ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ» ይሏታል፤ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ያሳርፉና አብረው ይገባሉ።